ከማዕዱ በፊት የነበረው መንደር

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ በእራት ግብዣው ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ሰዎች ደውለው «አጠር ያለ ንግግር አድርጊልን፤ ስለ በሽታ ግን እንዳይሆን፣ ሰው እራት ሊበላ ነው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ቃሌን ሙሉ በሙሉ ስለማልጠብቅ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስብሰባችን የዋለው ታንክስጊቪንግ በተከበረ በሁለተኛው ቀን ነው። ብዙዎቻችሁ የተረፈ ተርኪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትታችሁ እንደመጣችሁ አልጠራጠርም። ስለዚህ ስለዚሁ በዓል፣ ከየት እንደመጣና ውስጡ ምን እንዳለ ላውራችሁ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

እኔ ይህን በዓል ለብዙ ዓመታት የማውቀው በድንገተኛ ክፍል በኩል ነበር። ሬዚደንት ሳለሁ ተረኝነት ሲደለደል «የእኛ በዓል አይደለም፣ እኔ ልግባ፤ ለፋሲካ ትመልሱልኛላችሁ» እል ነበር። እዚህ ያላችሁ ሐኪሞችና ነርሶች ይህን ንግድ ታውቁታላችሁ። ሐሙስ ማታ ሥጋ ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት ይመጣል፤ ተርኪ በዘይት ሊጠብስ ሲል እጁን ያቃጠለ ይመጣል። ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ ልባቸው የደከመ አዛውንቶች ጨው የበዛበትን ምግብ በልተው፣ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ይመጣሉ። እንግዲህ ለእኔ በዓሉ ይኸው ነበር።

በኋላ ልጄ ትምህርት ቤት ገባች። የሰባት ዓመት ልጅ ሆና አንድ ቀን ሁለት የወረቀት ባርኔጣ ይዛ መጣች። አንዱ ጥቁር፣ ባለ ዘለበት፣ በመርከብ የመጡት እንግሊዞች ነው። ሌላው ላባ የተሰካበት፣ የተቀበሏቸው ያገሬው ሰዎች ነው። ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «እማዬ፣ እኛ የትኞቹ ነን?» አለችኝ። «በይ እራትሽን ብይ» አልኳት። መልሱን ስለማላውቅ ነው እንጂ እራቱስ ገና አልቀረበም ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ ወዲህ መልስ ስፈልግ ያነበብኩትን ነው።

ልጆቻችን የሚማሩት ታሪክ አጭር ነው። በ1620 መጨረሻ 102 መንገደኞች ሜይፍላወር በምትባል መርከብ ዛሬ ማሳቹሴትስ ከሚባለው ዳርቻ ደረሱ፣ ፕሊመዝ ላይም ሰፈሩ። በመጀመሪያው ክረምት ግማሽ ያህሉ በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ አለቁ። የተረፉት በጸደይ በቆሎ ዘሩ፣ በ1621 መጸው ሰበሰቡ፣ ደግሰው ከጎረቤቶቻቸው ጋር በሉ። አሜሪካ እስከ ዛሬ ይህን ታከብራለች ይባላል።

ይህ ሐሰት አይደለም። ስለ ድግሱ የሚናገር የዓይን ምስክር ጽሑፍም አለ፤ ከሰፋሪዎቹ አንዱ ኤድዋርድ ዊንስሎ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የጻፈው ደብዳቤ ነው። በዚያ ደብዳቤ መሠረት ድግሱ ሦስት ቀን ቆየ። የዋምፓኖአግ ሕዝብ መሪ ማሳሶይት 90 ያህል ሰው አስከትሎ መጣ፤ ሰዎቹም አምስት አጋዘን አድነው አመጡ። ከእንግሊዞቹ ወገን በሕይወት የነበሩት 50 ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከአስተናጋጁ እንግዳው በዝቷል። ከዚህም ሁሉ ሰው መካከል ከሞት የተረፉት ባለትዳር እንግሊዛውያት አራት ነበሩ። ለሦስት ቀን ድግስ አራት እመቤት! እዚህ ያላችሁ እናቶች የዚያን ሳምንት ድካም ከታሪክ ጸሐፊ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ድንች አልነበረም። የዱባ ኬክም አልነበረም፤ ምድጃውም የስንዴ ዱቄቱም ከየት ይመጣል? ዊንስሎ አእዋፍ መታደናቸውን ይናገራል እንጂ ተርኪ ብሎ አልጻፈም። «ታንክስጊቪንግ» የሚለውን ቃልም ለዚህ ድግስ አልተጠቀመበትም። ለእነዚያ አጥባቂ ክርስቲያኖች የምስጋና ቀን ማለት ሥራ ተትቶ በጸሎት የሚዋልበት ቀን ነበር። የ1621ዱ የአዝመራ ድግስ ነው፤ አገር ቤት አውድማው ተወቅቶ እህሉ ጎተራ ሲገባ እንደሚደረገው ዓይነት።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ልጄ ያልተማረችው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም የሙያዬ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። እነዚያ ሰዎች ያረፉበት ቦታ ጫካ አልነበረም። የተመነጠረ እርሻ፣ ንጹሕ ምንጭ ያለው መንደር ነበር፤ ስሙም ፓቱክሴት። ሰዎቹ ሲደርሱ ግን አንድም ነዋሪ አልነበረም። ከ1616 እስከ 1619 ባለው ጊዜ በዚያ ዳርቻ ወረርሽኝ ገብቶ መንደር በመንደር ጨርሷቸዋል። ከዓመታት በኋላ ያለፉ እንግሊዞች ሳይቀበር የቀረ አጽም በየቦታው ማየታቸውን ጽፈዋል። ቀባሪ አልተረፈማ።

በሽታው ምን እንደነበር ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የቀሩት ምስክርነቶች ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ነስር፣ ስለ ገላ ቢጫ መሆን ይናገራሉ። ቸነፈር ያሉ አሉ፣ ፈንጣጣ ያሉ አሉ። በቅርብ ጊዜ ደግሞ በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ ሊሆን ይችላል ያሉ ተመራማሪዎች አሉ። ምንም ይሁን ምን፣ ከባሕር ማዶ በሚመጡ መርከቦች የገባ በሽታ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። የሚያሳዝነው ሌላው ነገር ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ በ1620 ለኒው ኢንግላንድ በሰጡት ቻርተር ላይ ይህ መቅሠፍት ተጠቅሷል፤ አምላክ አገሩን ለእንግሊዞች ባዶ እንዳደረገላቸው ተቆጥሮ ነው የተጠቀሰው። የአንዱ ቤት ሐዘን የሌላው ምስጋና ሆነ ማለት ነው።

ከፓቱክሴት ሰዎች አንዱ ግን ተርፎ ነበር፤ ቲስኳንተም ይባላል፣ ልጆች ስኳንቶ ብለው ያውቁታል። የተረፈውም ባለመኖሩ ነው። በ1614 አንድ የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ ከሌሎች ጋር አፍኖ ወስዶት ስፔን ላይ ሊሸጠው ነበር። ከዚያ እንደምንም ለንደን ገባ፣ ቋንቋውን ተማረ፣ በ1619 አገሩ ተመለሰ። ሲመለስ ቤተሰብ የለም፣ ጎረቤት የለም፣ መንደር የለም። በ1621 ለእነዚያ ስደተኞች ዓሣን እንደ ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር ቀብረው በቆሎ እንዲዘሩ ያስተማራቸው ይህ ሰው ነው። የሞተ መንደሩ አፈር ላይ ቆሞ፣ የእናት አባቱን እርሻ ለእንግዳ አሳየ። በ1622 ኅዳር ላይ እሱም በትኩሳት ሞተ።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ ሐኪም ደስ ብሎኝ የምነግራችሁ አለ። በ1623 ማሳሶይት በጠና ታመመ፤ ሊሞት ነው ተብሎ ዊንስሎ ሊጠይቀው ሄደ። ሲደርስ ሰውየው ዓይኑ አያይም፣ አፉ ውስጥ ቆሽሾ መዋጥ አቅቶታል። ዊንስሎ ሐኪም አልነበረም። በቢላ ጫፍ ጣፋጭ ነገር በጥርሱ መካከል አስገባለት፣ አፉን አጠበለት፣ ምላሱን ፋቀለት፣ ከበቆሎና ከቅጠላ ቅጠል ሾርባ ሠራለት። ሰውየው ዳነ። ከዚያም የታመሙት የመንደሩ ሰዎችም እንዲሁ አፋቸው እንዲታጠብላቸው ዊንስሎን ለመነው፣ እሱም ጎንበስ ብሎ አጠበላቸው። እኔን ብትጠይቁኝ በዚያ ዘመን ከተደረገው ሁሉ ለበዓል የሚበቃው ይኸኛው ነበር።

አልቆየም። ማሳሶይት ካለፈ በኋላ የመሬቱ ጥያቄ እየከረረ ሄደ፣ በ1675 ጦርነት ተነሣ። የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም በ1676 ተገደለ፤ ራሱም ተቆርጦ በዚያው በፕሊመዝ፣ አባቱ በተጋበዘበት ከተማ፣ በእንጨት ላይ ተሰክቶ ለዓመታት ቆየ። ከድግሱ እስከዚያ ቀን ያለው አንድ የሰው ዕድሜ ነው፤ 55 ዓመት።

ታዲያ በዓሉ እንዴት የአገር በዓል ሆነ? በዋነኛነት በአንዲት ሴት ትጋት ነው። ሣራ ጆሴፋ ሄል አምስት ልጆች ይዛ ባሏ የሞተባት፣ በብዕሯ ያደረች ሴት ናት። የአንድ ታዋቂ የሴቶች መጽሔት አዘጋጅ ሆና፣ የምስጋና ቀን በአገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ይከበር እያለች ከ1846 ጀምሮ ለየአገረ ገዥው፣ ለየፕሬዚዳንቱ ስትጽፍ ኖረች። በ1863 ለአብርሃም ሊንከን ጻፈች። ሰሜንና ደቡብ እየተላለቁ ነው፤ የጌቲስበርግ ጦርነት ካለፈ ሦስት ወር አልሞላም። ሊንከን በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር የኖቬምበር የመጨረሻው ሐሙስ የምስጋና ቀን እንዲሆን አወጀ። በአዋጁ ውስጥ ስለ ፕሊመዝ ሰፋሪዎች አንድም ቃል የለም። የጦርነቱ መበለቶችና ወላጅ አልባ ልጆች እንዲታሰቡ ግን ይጠይቃል።

የ1621ዱ ድግስ «የመጀመሪያው ታንክስጊቪንግ» የሚል ስም ያገኘው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1841 አሌክሳንደር ያንግ የተባለ ሰው የዊንስሎን ደብዳቤ ሲያሳትም በግርጌ ማስታወሻ ላይ እንዲያ ብሎ ጠራው። መምህሮቻችን የግርጌ ማስታወሻችንን አብዝተው ይቆጣጠሩን የነበረው ለካ በምክንያት ነው! እዚህ ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ጎረቤቶቻችሁ «የመጀመሪያው የእኛ ነው፤ በ1619 በርክሊ ላይ ነው» ሲሏችሁ አትገረሙ፤ እነሱም ማስረጃ አላቸው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1939 ነጋዴዎች የገና ገበያ ይርዘምልን ስላሉ በዓሉን በአንድ ሳምንት ቢያስቀድሙት፣ ግማሹ ክፍለ ሀገር እምቢ ብሎ አገሩ ሁለት በዓል አከበረ። በ1941 በወጣ ሕግ አራተኛው ሐሙስ ላይ ረጋ።

የዋምፓኖአግ ሰዎች ግን አልጠፉም፤ ዛሬም አሉ። በ1970 የመርከቧ 350ኛ ዓመት ሲከበር ከእነሱ ወገን የሆነው ዋምሱታ ፍራንክ ጄምስ ግብዣው ላይ ንግግር እንዲያደርግ ተጠርቶ ነበር። አዘጋጆቹ ጽሑፉን አስቀድመው አዩት፤ ስለ ወረርሽኙ፣ ስለ ተዘረፈው መቃብርና ስለ ተወሰደው መሬት የሚናገር ሆኖ ስላገኙት ሌላ እናዘጋጅልህ አሉት። እምቢ ብሎ ወጣ። በዚያው ዓመት በበዓሉ ዕለት ከማሳሶይት ሐውልት አጠገብ፣ ፕሊመዝን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ሰዎች ተሰበሰቡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሌላው ሲበላ እዚያ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ይውላል፤ ብዙዎቹም ይጾማሉ።

ጾም ካነሣን ወደ እኛ ማዕድ ልምጣ። በዓሉ ብዙ ጊዜ ከኅዳር 13 እስከ 19 ባለው ውስጥ ነው የሚውለው። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ነው። እና በ13 ወይም በ14 ሲውል ተርኪውም ዶሮ ወጡም ጎን ለጎን ይቀርባል፤ ካለፈ ግን እናቶቻችን ምስር ወጥ ይዘው አንድ ጥግ ይቀመጣሉ፣ ልጆቹ ተርኪውን ይጨርሳሉ። ሁሉም ተራ በተራ «የማመሰግነው ስለ…» ይላል፤ የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ አንዴ ምርቃት ከጀመሩ ተርኪው ይቀዘቅዛል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዶሮ ወጣችንን የሚያቀላው በርበሬ፣ የገጠሩን ሰው ከረሃብ የሚያሻግረው በቆሎ፣ ድንቹና ዱባው ሁሉ ያለመዷቸው የዚህ አህጉር ነባር ገበሬዎች ናቸው። አሜሪካ ሳንመጣም እንጀራችንን የምንበላው በእነሱ ወጥ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ያነበብኩ ቀን በልጄ የላባ ባርኔጣ ላይ ያለኝ አስተያየት ተለወጠ።

አሁን ኅዳርን ላንሣ። በዓሉ በሚውልበት ሰሞን አገር ቤት ጤፍ ይታጨዳል፣ አውድማ ይለቀለቃል። ከጥቂት ቀን በፊት ደግሞ ኅዳር 12፣ በሚካኤል፣ ኅዳር ይታጠናል። አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያንን ጭስ ያውቀዋል፤ የየሰፈሩ ልጅ ቆሻሻ ጠርጎ ሲያነድ፣ ከተማው በጭስ ሲጋረድ። ይህ ልማድ የሚታወሰው ከኅዳር በሽታ ጋር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1911 ዓ.ም.፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሰዉን እንደ ቅጠል ያረገፈ ጊዜ። ራስ ተፈሪ እንኳ በጠና ታመው ነው የዳኑት። ቀባሪ የጠፋበት ቤት ብዙ ነበር። እንደ ሐኪም ጭሱን አልደግፍም፤ ቫይረስ አይገድልም፣ አስም ያለበትን ግን ያስጨንቃል። ሆኖም ሳስበው ይገርመኛል። አሜሪካኖቹ ማዕዱን አስታውሰው ወረርሽኙን ረሱ። እኛ የወረርሽኙን ጭስ ይዘን ሰዎቹን ረሳን። በሰፈሬ ቆሻሻ ሳነድ ያደግሁ ነኝ፤ ለማን እንደምናነድ የነገረኝ ግን አልነበረም። የሞተ ሰው አንድ ስም እንኳ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ማመስገን ጥሩ ነው፤ ሰውን ይጠግናል። ግን ማዕዱ ማን በለቀቀው መሬት ላይ እንደተዘረጋ የማይጠይቅ ምስጋና ገና አልተጠናቀቀም። ይህን ለአሜሪካኖቹ ለመንገር አልመጣሁም። ለእኛ ነው።

እኛም እዚህ የተቀመጥነው ሌላ ሰው በከፈለው ነው። የእኔ ትውልድ ትምህርቱንም፣ ማደሪያውንም፣ የካፍቴሪያውን ሽሮም በነፃ ነው ያገኘው። «ነፃ» አልን እንጂ ከፋይ ነበረው፤ ልጁን አንደኛ ደረጃ እንኳ ማስተማር ያልቻለ ገበሬ ግብር ከፍሎበታል። የእኛ ክፍል ልጆች ግማሽ ያህሉ ዛሬ ከአገር ውጭ ናቸው። ዛሬ እንግዶቻችን የሆናችሁት መምህራን እኛ የለቀቅነውን ወንበር ደርባችሁ ይዛችሁ ነው የምታስተምሩት። ይህን ለመውቀስ አላነሣሁትም፤ ወቀሳ ቢሆን መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ያነሣሁት ከእራት በፊት መባል ስላለበት ነው።

አንድ ሰው ልጨምር። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆነን አናቶሚ ክፍል ስንገባ የፎርማሊኑ ሽታ ዓይናችንን እያስለቀሰ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ጠበቀን። ወገን አልጠየቀውም ተባልን። መዳፉ የጉልበት ሠራተኛ መዳፍ ነበር። የሰውን እጅ ጅማትና ነርቭ የተማርኩት በእሱ እጅ ነው፤ ዛሬ በሽተኛ እጄን ሲይዘኝ የማውቀውን ሁሉ መጀመሪያ ያሳየኝ እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ አጠገቡ ቆመን አንድ ቀን እንኳ «እናመሰግናለን» አላልነውም። ስሙን ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ነገር አቀርባለሁ። የዓመት መጽሐፋችን በእኛ ፎቶግራፍ፣ በእኛ ማዕረግ የተሞላ ነው፤ ደስ ይላል። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ አንድ ገጽ ለሌሎቹ ይሁን። ያረፉ የክፍል ጓደኞቻችን፣ የዶርም ጠባቂዎች፣ ሌሊት ቤተ መጻሕፍት የሚከፍቱልን፣ ካፍቴሪያ የሚያበስሉልን ሰዎች ስም ይጻፍበት። ስማቸውን የማናውቀው ካለ አገር ቤት ያላችሁ መምህራን ጠይቃችሁ ላኩልን። የአናቶሚው ሰው ስም ካልተገኘ አንድ ባዶ መስመር ይተውለት። ከማኅበሩ ገንዘብም በየዓመቱ ጥቂቱ ለዚያው ክፍል ይዋል።

ልጄ አሁን አድጋለች፤ ጥያቄዋን ሳትረሳው አልቀረችም። ባለፈው ሐሙስ ጠረጴዛ ስናሰናዳ መለስኩላት። «በመርከብ ከመጡት ነን፤ በአውሮፕላን ይሁን እንጂ መጤዎች ነን። ሰዎች ተቀብለውናል። ስለዚህ ከመብላታችን በፊት ከእኛ በፊት እዚህ ማን እንደነበረ እንጠይቃለን» አልኳት። «እና ማን ነበር?» አለችኝ። የምንኖርበትን አውራጃ ነባር ሕዝብ ስም አላውቅም ነበር። ፈልገን እስክናገኝ ምግቡ ትንሽ ቀዘቀዘ፤ ማንም ግን አልተቆጣም።

እራታችሁን ስላቆየሁ ይቅርታ። መምህሮቻችን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።